ዳክዬ በዶሮ ፋንታ፦ ከጫጩቱ አስቀድሞ ገዢው ይታሰብ

ማናቸውም አዲስ ሸቀጥ ወደ ገበያ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። አንደኛው፣ ሸቀጡ በራሱ መልካም ነውን? የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ የሚገዛው ማን ነው? የሚል ነው። በንግድ ሥራ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ያስቀድማል፤ ለሥራው እንግዳ የሆነ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብቻ ተደስቶ ከረጢቱን ይፈታል። ጠባብ መሬት ያለው ገበሬ ዶሮውን ትቶ ዳክዬ ቢያረባ የበለጠ ይጠቀማል የሚለው ምክር በውጭ አገር የእርባታ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚገኝ ነው። ምክሩ በኢትዮጵያ ምድር ሲመዘን፣ ሊመዘን የሚገባው በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ነው። ነገሩ የገበሬው ጕዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ የነጋዴውም ጕዳይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ጫጩቱን ከባሕር ማዶ የሚያመጣው አስመጪ፣ መኖውን የሚያቀርበው ጅምላ ሻጭ፣ እንቁላሉንም በመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው ባለ ሱቅ ነውና።

በመጀመሪያ ለዳክዬ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ዳክዬ ብርድንና ዝናብን የሚችል፣ በረግረግ ስፍራ የሚደሰት፣ ጠንካራ ፍጡር ነው። እንደ ዶሮ መሬት እየጫረ የጓሮ አትክልት አይነቅልም። ከከባዶቹ ዘሮች ብዙዎቹ የማይበርሩ ስለ ሆኑ፣ ከጕልበት እምብዛም ያልበለጠ አጥር ይይዛቸዋል። እንቁላሏን አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ የምትጥል በመሆንዋ፣ ጠባቂው እስከ ረፋዱ ድረስ በጕሮኖዋ ውስጥ ካቈያት እንቁላሉን ፍለጋ ቍጥቋጦ ለቍጥቋጦ አይዞርም። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወጣው ካኪ ካምቤል የተባለው ዘር በመልካም አያያዝ በዓመት 300 ያህል እንቁላል ሊሰጥ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ከቻይና ወደ አሜሪካ የተወሰደው ነጩ ፔኪን ደግሞ ለሥጋ የታወቀ ሆኖ፣ በ7 ሳምንት ገደማ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የአንድ የዳክዬ እንቁላል ክብደት 70 ግራምና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ የአገር ቤት ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ የሚጠቀሰው የጤናው ነገር ነው። የገበሬውን ዶሮ በአንድ ሰሞን ጠራርጎ የሚወስደው ፈንግል ዳክዬን የሚያሳምመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንዲሁም ዳክዬ ቀንድ አውጣን ለቅሞ የሚበላ በመሆኑ፣ በረግረግ ሣር ላይ የሚግጡትን ከብቶችና በጎች የሚጐዳው የጉበት ትል የሚራባበትን ቀንድ አውጣ ቍጥር ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ ማንም አስተዋይ ሰው አይክዳቸውም።

ነገር ግን ንጽጽር የሚረባው ሚዛኑ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። ዳክዬን የሚያመሰግኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት፣ በብዙ ዘመን ምርጫ የተሻሻለውን ካኪ ካምቤል፣ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ከምትጥለው፣ የራስዋን ምግብ ጭራ ከምታገኘው ያገር ዶሮ ጋር ነው። ይህ ፈጣን የጭነት መኪናን ከአህያ ጋር ማወዳደር ነው። የተሻሻለች ዳክዬ ልትወዳደር የሚገባት ከተሻሻለች ዶሮ ጋር ነው። ለእንቁላል የተመረጠች የፈረንጅ ዶሮም በመልካም አያያዝ በዓመት 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የእያንዳንዱም ክብደት 60 ግራም ያህል ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ በእንቁላል ቍጥር ረገድ ዳክዬ ከዶሮ የምትበልጥበት ነገር የለም።

በመኖ በኩል ደግሞ ሚዛኑ ወደ ዶሮ ያጋድላል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ሲበቃት፣ እንቁላል የምትጥል ዳክዬ ግን 150 ግራምና ከዚያ በላይ ትበላለች። አንድ ገበሬ 100 ዶሮ ቢያኖር በቀን 11 ወይም 12 ኪሎ ግራም መኖ ይበቃዋል፤ 100 ዳክዬ ቢያኖር ግን ቢያንስ 15 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል። ልዩነቱ በቀን 4 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ 15 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በግጦሽና በረግረግ የተሰማራ ዳክዬ ከዚህ ወጪ ጥቂቱን ራሱ ይሸፍናል፤ በከተማ ዳር በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ የተዘጋ ዳክዬ ግን ሁሉንም ከገበሬው ኪስ ይወስዳል።

ታዲያ ትልቅ እንቁላል በትልቅ ዋጋ ይሸጥ የለምን? የሚል ይኖራል። ባለ ሱቅ የሆነ ሁሉ ይህን ጥያቄ ራሱ ሊመልስ ይችላል። በኢትዮጵያ ገበያ እንቁላል የሚሸጠው በቍጥር ነው፤ በሚዛን አይደለም። ገበያተኛው 10 እንቁላል ሲል 10 ተቈጥሮለት ይሄዳል። ባለ ሱቁ ለ70 ግራሙ እንቁላል ከ60 ግራሙ አብልጦ ቢጠይቅ፣ ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ባለ 30 ጕድጓዱ የእንቁላል ማስቀመጫም የተሠራው ለዶሮ እንቁላል ልክ በመሆኑ፣ ትልልቁ የዳክዬ እንቁላል በደንብ አይቀመጥበትም፤ በጭነት ጊዜም የሚሰበረው ይበዛል። እንግዲህ ገበሬው ለተጨማሪው ክብደት መኖ ከፍሎበታል፤ ገበያው ግን አይከፍለውም ማለት ነው።

የውሃውም ነገር ሊታሰብ ይገባል። ዳክዬ ለመኖር የግድ የሚዋኝበት ኩሬ አያሻውም፤ ነገር ግን ዓይኑንና አፍንጫውን ለማጠብ ራሱን የሚያጠልቅበት ውሃ ዘወትር ሊኖረው ይገባል። ከሚጠጣውም የሚያፈሰው ይበዛል፤ ኩሱም አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ፣ ጕሮኖው ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ውሃ በቧንቧ በማይዘልቅበትና ሴቶችና ልጆች በጀሪካን በሚቀዱበት ሰፈር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በጭቃ ላይ የተጣለ እንቁላልም ቈሻሻ ይዞ ስለሚገኝ፣ ለሱቅ ከመቅረቡ በፊት ተጨማሪ ድካም ይጠይቃል። የዳክዬ እንቁላል ሳልሞኔላ በሚባለው ተሕዋስ ሊበከል ስለሚችል፣ በደንብ ሳይበስል መብላት እንደማይገባ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ዘር የመተካቱም ጕዳይ አለ። ብዙ እንቁላል እንዲጥሉ የተመረጡት የዳክዬ ዘሮች መታቀፍን የተዉ ናቸው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የዳክዬ ግን 28 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ገበሬው ወይ መፈልፈያ መሣሪያ ይግዛ፣ ወይም የዳክዬውን እንቁላል ያገር ዶሮ ታቅፎ ያስፈልፍል። ከዚህ የተነሣ ዶሮዎቹን ሁሉ አስወግዶ ወደ ዳክዬ የዞረ ገበሬ፣ በሁለተኛው ዓመት የዳክዬዎቹን ምትክ ለማግኘት ዶሮ ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ መሄዱ አይቀርም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግን ከዋናው ጕዳይ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዋናው ጕዳይ ገዢው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ዘንድ ዳክዬ በልማድ ከሚበሉት አእዋፍ አይቈጠርም። በእስልምና የተፈቀደ ቢሆንም፣ በአገሪቱ ሙስሊሞችም ቤት የዘወትር ምግብ ሆኖ አልተለመደም። ሁለቱም ወገን በየራሱ ሥርዓት የታረደውን ብቻ የሚበላ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። የልማድን ኀይል የሚንቅ ነጋዴ ከልማድ ጋር ሲታገል ዘመኑን ይጨርሳል።

የዶሮ ዋጋ የሚወሰነው በቀን መቍጠሪያ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። የእንቍጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ የዶሮ ገበያ ይሞቃል፤ 12 ብልት ወጥቶላት በወጥ የምትቀርበው ዶሮ በዓሉን በዓል ታሰኘዋለች፤ እንቁላሉም ከወጡ አይለይም። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ እንዲሁም በነቢያት ጾም፣ በፍልሰታና በሌሎቹም አጽዋማት፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ እንቁላል ይከማቻል፤ ዋጋም ይወርዳል። ዶሮ አርቢው ይህን መውጣትና መውረድ የሚችለው፣ በጾሙ ወራት ያጣውን በበዓሉ ዋዜማ ስለሚያገኝ ነው። ለዳክዬ ግን የተመደበ በዓል የለም። የጾሙን ቅዝቃዜ ከዶሮ ጋር እኩል ይካፈላል፤ የበዓሉን ሙቀት አይካፈልም።

የዶሮ እርባታ ታሪክም በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። የተሻሻሉ የፈረንጅ ዶሮዎች በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ዶሮ በየቤቱ የሚበላ፣ በየገበያው የሚሸጥ፣ ማንም ሰው የማይጠይቀው ምግብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ተቈጥሮም፣ አብዛኛው የገበሬ ዶሮ ያገር ዶሮ ሆኖ ቀርቷል። ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው፣ አስከትበውና ሁለት ወር ያህል አሳድገው ለገበሬው የሚሸጡ ወኪሎች በየወረዳው ከተስፋፉ ወዲህ ነው። ገዢ ሞልቶለት የነበረው ዶሮ ይህን ያህል ዘመን ከፈጀበት፣ ገዢ የሌለው ዳክዬ በአንድ ክረምት ገበያ ይይዛል ብሎ ማሰብ ከንቱ ተስፋ ነው። ዳክዬ ከፈንግል ያመልጣል የሚለውም ምክንያት ቢሆን ኀይሉ እየቀነሰ ነው፤ የፈንግል ክትባት እዚያው በቢሾፍቱ ይመረታልና። ክትባቱን በወቅቱ ለገበሬው ማድረስ፣ ወፉን ከመለወጥ እጅግ የረከሰ መንገድ ነው።

በዚህ ላይ ለባለ ሱቆችና ለዳቦ ቤቶች ልዩ ማስጠንቀቂያ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ገዢ ያጣ የዳክዬ እንቁላል በርካሽ መሸጡ አይቀርም። ርካሽ እንቁላል ደግሞ ፈታኝ ነው። ቅርፊቱ ከተሰበረ በኋላ በኬክና በብስኩት ሊጥ ውስጥ የገባውን እንቁላል ከየትኛው ወፍ እንደ መጣ ማንም አይለየውም። ዳክዬ በቤቱ የማይበላ ገዢ ሳያውቅ እንዲበላ ቢደረግ፣ ነገሩ ከጥራት ጕድለት አልፎ የሕሊና ጕዳይ ይሆናል። ገዢው አንድ ቀን ባወቀ ጊዜ፣ የሚሸሸው ያንን አንድ ዳቦ ቤት ብቻ አይደለም፤ በኬክ ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያድርበታል፤ ሳይበድሉ የሚከስሩ ባለ ሱቆችም ይበዛሉ። ስለዚህ የዳክዬ እንቁላል የሚሸጥ ሁሉ ለብቻው አስቀምጦ፣ የዳክዬ መሆኑን በግልጽ ጽፎ ይሽጥ። በምግብ ሥራ የሚጠቀምበትም ለገበታው ሰው አስቀድሞ ይንገር። በዚህ መንገድ የሚሸጠው ጥቂት ቢሆንም፣ የሚሸጠው ሳያፍር ነው።

ከገዢው ቀጥሎ የሚያሳስበው የበሽታው ነገር ነው። ዳክዬ የአእዋፍ ጉንፋን የተባለውን ተላላፊ በሽታ ብዙ ጊዜ ራሱ ሳይታመም ይሸከማል፤ ወደ ዶሮ ሲተላለፍ ግን ዶሮውን በጅምላ ይፈጃል። ኢትዮጵያ ደግሞ በበጋው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ የውሃ ወፎች በሐይቆችዋ ላይ የሚያርፉባት አገር ናት። የዶሮ እርባታ እጅግ ከተሰባሰበባቸው ስፍራዎች አንዱ በሐይቆች የተከበበችው ቢሾፍቱ ናት። በሐይቅ ዳር የተለቀቀ ዳክዬ ቀን ከዱር ወፎች ጋር ውሎ ማታ ወደ ጕሮኖው ሲመለስ፣ በዱር ወፉና በዶሮ እርባታው መካከል ድልድይ ይሆናል። ዳክዬ አርቢው 50 ዳክዬ ሲያኖር፣ በአደጋ ላይ የሚጥለው የጎረቤቱን በሺህ የሚቈጠር ዶሮ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዓይነት በሽታ ለገበያ ምን ያህል ብርቱ መሆኑን የኢትዮጵያ ነጋዴ አይቶታል። በ1998 ዓ.ም. የአእዋፍ ጉንፋን ወሬ በተናፈሰ ጊዜ፣ በሽታው በአገሪቱ መግባቱ ሳይረጋገጥ፣ ሕዝቡ ዶሮና እንቁላል መግዛት ተወ፤ ዋጋውም ወደቀ። ወሬው ብቻ ያን ያህል ከጐዳ፣ በሽታው ራሱ ቢመጣ የሚያደርሰው ጕዳት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የሩቁም ምሳሌ ቢታይ ትምህርት አለበት። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር የሚገኘው ሎንግ አይላንድ በአንድ ወቅት በዓመት በሚሊዮን የሚቈጠር ዳክዬ የሚወጣበት ስፍራ ነበር። ፍሳሹ ወንዙንና የባሕር ዳርቻውን ስለ በከለ ሕግ ጠበቀባቸው፤ የመሬትም ዋጋ ናረባቸው፤ እርባታዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። በጥር 2017 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ እርባታ የአእዋፍ ጉንፋን ስለ ተገኘ 100,000 ያህል ዳክዬ እንዲወገድ ሆነ። ገዢው በእጁ፣ ሙያው በቤቱ፣ መንግሥቱም ደጋፊው የሆነ ነባር እርባታ ይህ ከደረሰበት፣ ጀማሪው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የመኖ ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀ መኖ ለዳክዬ ጫጩት ሳይታረም ቢሰጥ፣ ናያሲን የተባለው ቪታሚን ስለሚያንሰው፣ ጫጩቱ እግሩ እየደከመ ይንከላወሳል። እርሾ በመጨመር ሊታረም ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያውቅና የሚነግር ሻጭ ያስፈልጋል። ከዚህ የባሰው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከተባሉት የቤት ወፎች ከ100,000 በላይ በድንገት አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም የታወቀው በዚያ አጋጣሚ ነው። የዳክዬ ጫጩት ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ በመሆኑ፣ የምርምር ሰዎች መኖን የሚፈትኑት በእርሱ ነበር። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በወተትና በከብት መኖ ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም የኑግ ፋጉሎ የዚህ መርዝ ዋነኛ ምንጭ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ይህ እያለ በማናቸውም ፋጉሎ ዳክዬ እመግባለሁ የሚል ገበሬ፣ ጫጩቶቹን በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል፤ ጫጩቱን የሸጠለት ነጋዴም ስሙን ያጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዳክዬ በኢትዮጵያ ምድር ፈጽሞ ስፍራ የለውም ማለት አይደለም። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል። በጃፓን የሩዝ ገበሬዎች የዳክዬ ጫጩቶችን በሩዝ ማሳ ላይ ለቅቀው አረሙንና ተባዩን ያስለቅማሉ፤ ሩዙ ማፍራት ሲጀምር ጫጩቶቹን ከማሳው ያወጣሉ። በዚያ ዓይነት ማሳ ዳክዬው የሚከፈለው በእንቁላሉ ብቻ ሳይሆን በአረም ቀሪ ጕልበትም ጭምር ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ከሐይቁ ወፎች ርቆ በአጥር የሚጠበቅ እስከ ሆነ ድረስ ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው። በከተማም በኩል፣ በአዲስ አበባ የቻይና ምግብ ቤቶችና የውጭ እንግዳ የሚያስተናግዱ ትልልቅ ሆቴሎች አሉ። የገዢዎቹ ቍጥር ትንሽ ቢሆንም፣ የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ ልማድም አይከለክላቸውም። በሳምንት 40 ዳክዬ ለመቀበል የጽሑፍ ውል የፈረመ አንድ ሆቴል፣ በየገበያው ይሸጣል ተብሎ ከሚጠበቅ 4,000 እንቁላል ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። ዳክዬ ከዶሮ ጎን ሊኖር ይችላል፤ በዶሮ ፋንታ ግን ሊተካ አይገባውም። ከዶሮ ጎን ሲኖርም በተለየ ጕሮኖና በተለየ ውሃ ይሁን፤ በቅድሚያም ገዢው የታወቀ ይሁን።

ይህም ፍርድ ለየነጋዴው የየራሱን ግዴታ ያመጣል። አስመጪው የዳክዬ ጫጩት ወይም የሚፈለፈል እንቁላል ከማዘዙ በፊት፣ ከሚመለከተው የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘቱና ከላኪው አገር የጤና የምስክር ወረቀት መቀበሉ ብቻ አይበቃውም፤ ጫጩቱን ለገበሬ ሲሸጥ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን በውል መልሶ የሚገዛ ሰው አብሮ ያቅርብ። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ፣ ጫጩቱን አለመሸጥ ለራሱም ለገበሬውም ይበጃል። ጅምላ ሻጩ የዳክዬ መኖ ለይቶ ያዘጋጅ፤ የሻገተ ፋጉሎም አይቀላቅል። ባለ ሱቁ እንቁላሉን ለብቻው፣ በስሙ፣ ቢቻልም በሚዛን ይሽጥ፤ በደንብ እንዲበስልም ለገዢው ይንገር። ላኪው ደግሞ ስለ ዳክዬ ላባና ስለ ለስላሳው የደረት ጠጕር ሲሰማ ቶሎ አይጓጓ፤ ይህ ንግድ በዓለም ላይ የቆመው ከሥጋው ሥራ በሚተርፈው ምርት ላይ ነው፤ ዋናውም ባለ ድርሻ ቻይና ናት። ሥጋው በሰፊው በማይበላበት አገር ላባ ብቻውን ጭነት አይሞላም።

በገበሬው ቤት የዶሮ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ የገጠር ባለ ሱቅ ያውቃል። ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው በአብዛኛው እመቤቲቱ ከጓሮ ባወጣችው እንቁላል ነው። ዶሮዎችዋን ሸጣ የገዛችው ዳክዬ ገዢ ያጣ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሳምንት ከባለ ሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ሸቀጥ ያው ጨውና ሳሙና ነው። የገበሬው ኪሳራ በሱቅ በኩል ዞሮ ወደ ጅምላ ሻጩና ወደ አስመጪው መመለሱ አይቀርም። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የቆጡን ማውረድ ነውር አይደለም፤ በብብት ያለውን አስቀድሞ በደኅና ስፍራ ማኖር ግን ይገባል። ዶሮው ይከተብ፤ ለዳክዬውም ገዢ ይፈለግለት፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ጫጩቱ ይምጣ።